ልጄን አዝዬ ከነፋስ መውጫ እስከ መካነ ኢየሱስ

ዓርብ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል፤ ነፋስ መውጫ

ነፋስ መውጫ እውነትም ነፋስ መውጫ የምትሆነው ጎህ ሲቀድ ነው። በሩን ከፍቼ ስወጣ ነፋሱ ጋቢዬን ከትከሻዬ ሊገፍ ታገለኝ። ቀኝ እጄ ሻንጣ ይዟል፤ ግራ እጄ የወተት ፔርሙስና ቅያሪ ልብስ የታጨቀበት ፌስታል። ጀርባዬ ላይ ልጄ ሶልያና አለች። ዓመት ከሁለት ወሯ ነው። በአማቴ አንቀልባ፣ ቅቤ ጠጥቶ በለሰለሰ ቆዳ ታዝላ፣ ጉንጯን ትከሻዬ ላይ ጥላ ተኝታለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ሰላም አዋላጅ ነርስ ናት። ለሁለት ወር ሥልጠና እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከሄደች ሦስት ሳምንት ሆናት። ማረፊያ ቤት እስክታገኝ ልጅቷ እኔ ጋ ቆየች። አሁን ቤት ተገኘና "አምጣልኝ" አለች። ስማዳ ያሉት አባቴ ደግሞ የልጅ ልጃቸውን አይተው አያውቁም። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወስጄ፣ በደብረ ታቦር በኩል ያለውን መንገድ ትቼ፣ በታች ጋይንትና በስማዳ ዞሬ ላሳያቸው ወሰንኩ።

ሶልያና ካልታዘለች አትተኛም። ይህን የተረዳሁት እናቷ በሄደች በማግስቱ ነው። ሦስቱን ሳምንት ቀን ለጎረቤት ትቻት፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ መጋረጃውን ጋርጄ፣ በሩን ቀርቅሬ አዝላት ነበር። ደብተር ሳርም ጀርባዬ ላይ ናት፤ ሽሮ ሳማስል ጀርባዬ ላይ ናት። በር ሲንኳኳ ግን ቶሎ ፈትቼ አልጋ ላይ አስቀምጣታለሁ። በእኛ አገር ወንድ ልጅ ልጁን ያቅፋል፣ ትከሻው ላይ ያወጣል፤ አያዝልም። እኔ ደግሞ መምህር ነኝ፤ የተማሪዎቼ ወላጆች በየመንገዱ ናቸው።

ትናንት በስልክ "በምን ዓይኔ ነው መናኸሪያ የምገባው?" ስላት ሰላም ሳቀችብኝ።

"እኔ ምጥ ክፍል እየተንቀጠቀጥኩ ብገባ ማን ያምነኛል? ቀና ብለህ ግባ። ሰው የሚያየው ፊትህን ነው" አለችኝ።

ቀና ማለቱ የሰፈሬን ጥግ አልዘለለም። የመጀመሪያው ሰው ብቅ ሲል ጋቢውን ከላይ ደረብኩባት። ያየኝ ሁሉ እህል የተሸከምኩ እንዲመስለው እያጎነበስኩ መናኸሪያ ደረስኩ።

ዓርብ፣ 2 ሰዓት፤ ቅጥቅጡ ውስጥ

ወደ አርብ ገበያ የሚወርደው ቅጥቅጥ አውቶቡስ ሞልቷል። ነጭ ሽንኩርት በጆንያ፣ ድንች በጆንያ፣ እግሯ የታሰረች ቀይ ዶሮ፣ አዲስ የቆርቆሮ ባልዲ። በመስኮቱ የደረሰ የገብስ ማሳ፣ የታጨደ ነዶ፣ በረዶ መስሎ የተጋደመ ጤዛ ያልፋል። ኅዳር የጋይንት ቆንጆ ወር ነው።

ለመቀመጥ ስል ልጅቷን ፈትቼ ጭኔ ላይ አደረግኳት። ወዲያው ነቃች፤ ወዲያው አለቀሰች። ወተት አልፈለገችም፣ ዳቦ አልፈለገችም። ለቅሶዋ ከሞተሩ ድምፅ በላይ ሆነ። ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝ። ከኋላ አንድ ሰው "ኧረ አባብላት!" አለ። ሌላ አማራጭ አልነበረኝም። ተነሳሁ፤ አንድ እጄን ጣሪያው ላይ ደግፌ፣ በሌላው አንቀልባውን ዘረጋሁ፤ ጎንበስ ብዬ ጀርባዬ ላይ አወጣኋትና ጠፍሩን ደረቴ ላይ አሰርኩ። ሁለት ጊዜ ወዝወዝ፣ ሦስት ጊዜ ወዝወዝ። ዝም አለች።

መኪናውም ዝም አለ። ወንዶቹ ወደ መስኮት ዞሩ። ሁለት ልጃገረዶች አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ። አጠገቤ የሽንኩርት ጆንያቸውን በጉልበታቸው አቅፈው የተቀመጡ አሮጊት ግን ትክ ብለው አዩኝ። እማማ ዘነቡ ይባላሉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

"እናቷ አረፈች እንዴ፣ ልጄ?"

እውነቱን ለመናገር አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። ግን የልጃገረዶቹ ሳቅ ሲቆም አየሁ። ወንዶቹ ፊታቸውን ሲመልሱ፣ ባርኔጣ ሲያወልቁ አየሁ። አንገቴን ደፋሁና "ምን ይደረግ" አልኩ።

"ምን ይደረግ" ማለት ውሸት አይደለም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ከፊት ወንበር አንድ ገበሬ ተነሥቶ ቦታውን ለቀቀልኝ። አንዷ ቆሎ ዘገነችልኝ። ማንም አልሳቀም። እንዲህ ተመችቶኝ ተጉዤ አላውቅም።

ዓርብ፣ 4 ሰዓት ተኩል፤ አርብ ገበያ

ገበያው ከሩቅ ነጭ ነው፤ ቀርበው ሲያዩት አቧራ፣ አህያ፣ የጨው ክምር፣ ገብስና ባቄላ በየስልቻው፣ ማጭድ፣ የፕላስቲክ ጫማ። ስማዳ የሚሄደው መኪና እስከ ሰባት ሰዓት አይነሣም ተባለ። እማማ ዘነቡ እጄን ይዘው አልለቅ አሉ። በየደረስንበት "እናቷ ሞታባት ነው፤ አባቷ አዝሏት ከነፋስ መውጫ ይመጣል" እያሉ ያስተዋውቁኛል። ሴቶች ይከቡኛል፤ "ወይኔ እናቴን!" ይላሉ፤ ደረታቸውን ይመታሉ። ሶልያና ነቅታ ለሁሉም እጇን ታውለበልባለች። ይህን ሲያዩ ይብስባቸዋል።

ጨርቃ ጨርቅ ከሚሸጡት መካከል ወይዘሮ ዘሐራ የሚባሉ ነጋዴ ነበሩ። ከተማው ውስጥ ካሉት ጥቂት ሙስሊም ቤተሰቦች የአንዱ ናቸው። የተቀቀለ እንቁላል ልጠው ለሶልያና ሰጧት። "የእናንተ ጾም እሷን አይመለከታትም" አሉ። ከዚያ ከመደርደሪያቸው ትንሽ ቀይ ብርድ ልብስ አወረዱና ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉላት። ዋጋውን ስጠይቃቸው ተቆጡ። "እናት በሌላት የቲም ልነግድ?"

አሁንም ግን አልተናገርኩም። ከተናገርኩ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል የምቀረው ሚስቱ በሕይወት እያለች ልጅ ያዘለ ወንድ ሆኜ ነው።

ያን ጊዜ እማማ ዘነቡ ነጠላቸውን አመሳቅለው ፊቴ ቆሙ።

"የክርስትና ስሟን ንገረኝ፣ ልጄ። እሑድ ለቄሱ ሰጥቼ በጸሎተ ፍትሐት አስጠራታለሁ። በወጣትነቷ የሄደች ናት፤ የሚያስብላት ያስፈልጋታል።"

ሰላም፣ በክርስትና ስሟ ወለተ ሥላሴ፣ በዚያ ሰዓት መካነ ኢየሱስ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ደብተር ይዛ ተቀምጣለች። ስሟን ከሙታን ጋር ልሰጥ ነው።

"በሕይወት አለች" አልኩ። ድምፄ አልወጣም። ደግሜ ጮኽኩ። "እናቷ በሕይወት አለች! ደህና ናት፣ አልታመመችም። ሥራ ላይ ናት። ያዘልኳት አባቷ ስለሆንኩ ነው።"

ጨው የሚመዝነው ሰው ሚዛኑን አስቀመጠ። የእማማ ዘነቡ ፊት ቀስ እያለ ተለወጠ፤ ያንን ፊት እስካሁን አልረሳሁትም።

"ታዲያ ለምን አስለቀስከኝ?" አሉ።

"አፍሬ ነው፣ እማማ" አልኩ። "እንዳይስቁብኝ ፈርቼ ነው።" ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ከጀርባዬ ያለችው ደግሞ ስጎነበስ ደስ ብሏት ሳቀች።

ከዚያ በኋላ የፈራሁት ሁሉ መጣ። አንድ በሬ ነጂ "ቀሚሱስ የታለ?" ብሎ ጮኸ፤ ገበያው ሳቀ። ጆሮዬ ጋለ። ግን እግሬ እዚያው ቆመ። የሚደበቅ ነገር አልነበረኝማ፤ የባሰውን ራሴ ተናግሬዋለሁ። ቀና ብዬ አየሁትና "ቀሚስ አያስፈልግም፣ ወንድሜ። ወገብ ብቻ ይበቃል። ና ሞክራት፣ ከባድ ናት" አልኩት። አሁን የተሳቀው በእኔ አልነበረም። ሰውየውም አብሮ ሳቀና በሬውን እየነዳ አለፈ።

ብርድ ልብሱን አጥፌ ለወይዘሮ ዘሐራ መለስኩ። አልተቀበሉኝም።

"እናት ለሌላት ብዬ ነበር። አሁን አባት ላላት ይሁን" አሉና ወደ ሌላ ገዢ ዞሩ።

እማማ ዘነቡ ግን በቀላሉ አልታረቁኝም። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ሽንኩርታቸውን መዘርጋት ያዙ። ልሰናበታቸው ስቀርብ "የክርስትና ስሟን ንገረኝ ብዬሃለሁ" አሉ። "ለሕያውም ይጸለያል።"

ነገርኳቸው። ሁለት ጊዜ ደገሙት፣ እንዳይረሳቸው።

ዓርብ፣ 10 ሰዓት፤ ወገዳ

ከአርብ ገበያ ወደ ስማዳ ከተማ፣ ወደ ወገዳ፣ ያለው መንገድ ኮረኮንች፣ ጠመዝማዛ፣ በአንድ በኩል ገደል ነው። የጭነት መኪናው ጋቢና ውስጥ ተቀመጥኩ። ሹፌሩ ሙላት አራት ልጆች አሉት። ሶልያና ጭኔ ላይ ሆና መሪውን ለመያዝ ስትንጠራራ በጎን እያያት ቆየና "አንድ ነገር ልጠይቅህ?" አለኝ።

"ጠይቅ።"

"ስትተኛ ትንፋሿ ይሰማሃል? ጀርባህ ላይ?"

"ይሰማኛል። መጀመሪያ ይፈጥናል፤ ከዚያ ይረጋል። እንቅልፍ ሲወስዳት ክብደቷ ይለወጣል።"

"ይለወጣል?"

"ይጨምራል። ራሷን ትለቅልሃለች።"

ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ ራሱን ነቀነቀ። "አራት ወለድኩ፤ ይህን አላውቅም" አለ። ወገዳ ስንደርስ ወርዶ በሩን ከፈተልኝ። አንቀልባውን ስዘረጋ ልጅቷን ከፍ አድርጎ ጀርባዬ ላይ ያስቀመጠልኝ እሱ ነው። መናኸሪያው ሙሉ ሰው እያየ።

ታላቅ እህቴ የሺ ወገዳ ትኖራለች። ቤቷ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ሰላም ደወለች። የገበያውን ነገር እንደ ቀልድ አድርጌ ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር።

"ሞታለች ከማለት ይልቅ ሥራ ላይ ናት ማለት ከበደህ?" አለችኝ።

"ይቅር በይኝ" አልኩ።

"እሺ" አለች። ቀጥላም "ግን ጮኸህ ነው የተናገርከው?"

"ጨው ነጋዴው ሚዛኑን እስኪያስቀምጥ።"

ያኔ ሳቀች።

ቅዳሜ፣ ወገዳ

ቅዳሜ የሚጻፍ ነገር የለውም። ጨርቅ አጠብኩ፤ እህቴ ልትቀማኝ ሞከረች፣ አልሰጠኋትም። ጎረቤቶቿ በአጥር በኩል አንገታቸውን አውጥተው አዩኝ። "እንደምን አደራችሁ!" አልኳቸው። አንገታቸውን መለሱ። ከሰዓት ደግሞ እንዲሁ። ማታ ላይ አንደኛዋ ራሷ ቀድማ "እንደምን ዋላችሁ፤ ሕፃኗስ?" አለች።

እሑድ፣ 3 ሰዓት፤ የአባቴ መንደር

ከወገዳ ወደ ትውልድ መንደሬ በእግር ሁለት ሰዓት ነው። ሽቅብ ዳገት፣ የታጨደ የጤፍ ማሳ፣ ከሩቅ ጭጋግ ውስጥ የሰጠመ ገደል። እህቴ የጋገረችውን ዳቦ ተሸክማ ከፊት ትሄዳለች። ቤተ ክርስቲያኑ ሲታየን ቆመች።

"አንተ ይርጋ፣ ስማኝ። ቅዳሴ አልቋል፤ አባዬ ሰንበቴ ላይ ናቸው። የመንደሩ ሽማግሌ ሁሉ አለ። እኔ ልዘላት። ሲወጡ መልሼ እሰጥሃለሁ።"

"አባዬ ያፍራሉ ብለሽ ነው?"

"ስለ አንተ ለሰው መመለስ ይከብዳቸዋል እንጂ። እናታችን ከሞተች ወዲህ ሰው ፊት መናገር ትተዋል። ምን እንዲሉ ነው የምትፈልገው?"

ልክ ነበረች። እጄ ጠፍሩ ላይ ደርሶ ነበር። ገበያ ላይ የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ እነዚህ ግን በስሜ የሚያውቁኝ፣ ሊቀብሩኝም የሚመጡ ናቸው። ሶልያና አንገቴ ላይ ተንፍሳ ተገላበጠች። አስቤ ሳልጨርስ "ተይ፣ እትዬ። ተኝታለች" አልኩ።

ገባን። ጥዱ ሥር ወንዶቹ በየድንጋዩ ተቀምጠው ዳቦና ጠላ ይዘዋል። ሴቶቹ ማዶ ናቸው። ወሬው በአንዴ ቆመ። ለቄሱ ሰገድኩ፤ መስቀል ተሳለምኩ። ከዚያ ዞሬ ለሁሉም "እንዴት ሰነበታችሁ" አልኩ። የመለሱልኝ ጥቂቶች ናቸው።

አያ ፈንታ፣ የአባቴ እኩያ፣ ዋንጫቸውን እንደያዙ ወደ አባቴ ዞሩ። "ምነው፣ ያንተ ልጅ ያለበት አገር ሴት የለም እንዴ?"

አባቴ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። ቀስ ብለው ወደ እኔ መጡ። ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም። አልፈውኝ የሚሄዱ መሰለኝ፤ በእርግጥም ጎኔን አልፈው ወደ ኋላዬ ዞሩ።

ሻካራ እጃቸው ወገቤ ላይ ሲያርፍ ተሰማኝ። አንቀልባውን ከሥር ይዘው ወደ ላይ ገፉት።

"ዝቅ አድርገሃታል" አሉ። "አንገቷ ተንጠልጥሏል። ጠፍሩን አጥብቀው።"

አጠበቅኩት።

"አባዬ፣ እርስዎ እንዴት..."

ለሽማግሌዎቹ ነው የተናገሩት፤ ወደ ድንጋያቸው ሳይመለሱ፣ ቆመው።

"የዚህ እናት ወባ ይዟት ክረምቱን ሙሉ የተኛች ጊዜ እሱ የሰባት ወር ልጅ ነበር። እኔ ነኝ ያዘልኩት። በር ዘግቼ። ሰው 'ቤቶች' ባለ ቁጥር ፈትቼ መደብ ላይ አስቀምጠው ነበር።" ትንፋሽ ወሰዱ። "አንድ ቀን አንተው ነህ፣ ፈንታ፣ ሞፈር ልትዋስ የመጣኸው። ከአንተ ጋር በር ላይ ሳወራ ከመደቡ ወደቀ።"

ሳላስበው እጄ ቅንድቤ ላይ ሄደ። እዚያ ላይ ጠባሳ አለችኝ። ፍየል ወግቶህ ነው ተብዬ ነው ያደግኩት።

"ፍየሉን ያወራሁት እኔ ነኝ" አሉ አባቴ። አሁን ወደ እኔ እያዩ ነበር። "አውርጄህ ነው የወደቅከው።"

ከሴቶቹ በኩል እህቴ አፍንጫዋን ስትስብ ሰማሁ። ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ልጅቷን በመስቀላቸው ባረኩ። አያ ፈንታ ግን እጅ አልሰጡም፤ ራሳቸውን እየነቀነቁ "ቢሆንም ለወንድ አያምርም" አሉ።

"አያምርም" አሉ አባቴ። "ልጅቷ ግን ተኝታለች።"

ወደ ቦታቸው ተመለሱ፤ ከአጠገባቸው አንድ ድንጋይ በነጠላቸው ጠርገው "ና፣ እዚህ" አሉኝ። እንዳልቀሰቅሳት ጫፉ ላይ ተቀመጥኩ።

ሰኞ፣ 1 ሰዓት፤ መንገድ ዳር

አባቴ እስከ መኪና መንገዱ ሸኙን። ልዘላት አላሉም፤ "ጀርባዬ ከዳኝ" ብቻ አሉ። ግን ከኋላዬ እየሄዱ፣ ከአንቀልባው የወጣችውን የሶልያናን እግር መዳፋቸው ውስጥ ይዘው መጡ። ዳገቱ ላይ ስፈጥን "ቀስ በል፣ እግሯን አስለቀቅከኝ" ይሉኛል። መኪናው ሲመጣ እግሯን ስመው ካልሲዋን አስተካከሉ። ያን ሁሉ መንገድ የተናገሩት ከአሥር ቃል አይበልጥም።

ሰኞ፣ 8 ሰዓት፤ መካነ ኢየሱስ

የጉና ተራራ ደመና ለብሷል። እስቴ በስንዴና በሰው ሞልታለች፤ ባጃጅ፣ ጋሪ፣ ደብተር የታቀፉ ተማሪዎች። ሰላምን መናኸሪያው በር ላይ ቆማ አየኋት። ሮጣ መጣች። ከዚያ ሁለት እርምጃ ሲቀራት ቆመች፤ ዓይኗ ወደ ጎን ሄደ። ከመንገዱ ማዶ ካለው ምግብ ቤት ሦስት ሰዎች ይወጡ ነበር።

"አሠልጣኞቼ ናቸው" አለች በሹክሹክታ። "አንዴ... ልቀበልህ? አውርዳት።"

አየኋት። ያቺ ቀና በል ያለችኝ ሴት ከአንገቷ እስከ ጆሮዋ ቀልታለች። ቀልዱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን ፍርሃቱን አውቀው ነበርና ዋጥኩት። ሰዎቹ ቀረቡ። ሰላም ከንፈሯን ነከሰች፤ ጋዋኗን ወደ ታች ሳብ ሳብ አደረገች። ከዚያ ክንዴን ያዘችና ራሷ ወደ እነሱ ወሰደችኝ።

"ባለቤቴ ነው" አለች፣ መናኸሪያው እንዲሰማ ጮክ ብላ። "ልጃችንን ከነፋስ መውጫ አዝሎ አመጣልኝ።"

ጸጉራቸው የሸበተው አሠልጣኝ አንቀልባውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ሌላው ፈገግታውን ለመደበቅ ወደ ስልኩ አጎነበሰ። ይሁን።

ዳገቱን ወደ ቤቷ ጀመርን። ሻንጣውን ሰላም ያዘች። ሶልያና ነቃች፤ እናቷን አየቻት፤ ሦስት ሳምንት ለእሷ ረጅም ዘመን ነውና ፊቷን ጀርባዬ ውስጥ ቀበረች። የሰላም ዓይን እንባ ሞላ። ግን አልቆመችም። በዋናው መንገድ፣ ባለሱቆቹ ሁሉ በር ላይ በቆሙበት፣ ወደ ኋላዬ ዞረች፤ አንዴ በግራ ትከሻዬ በኩል ብቅ ትላለች፣ አንዴ በቀኝ፤ ጉንጯን ትነፋለች፤ እንደ በግ ትጮኻለች። ባጃጆች ቆሙ። ሰው ሳቀ። እሷ ደግሞ ጨመረችበት።

በመጨረሻ ከጀርባዬ ያቺን አጭር የምትሰባበር ሳቅ ሰማሁ። ትንሽ እጅ ጆሮዬን አልፋ ወደ እናቷ ተዘረጋች። መንገዱ መሀል ቆሜ ጠፍሩን ፈታሁ።